ከሆጤ እስከ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ዛሬ ስለ ርቀት ላወጋችሁ ነው። ስለ ልብ መራራቅ ልትሰብክ ነው ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ካሰባችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ የማወጋችሁ በኪሎ ሜትርና በደቂቃ ስለሚለካው ርቀት ነው። ተለያይተው ስለሚኖሩ ባልና ሚስት ናፍቆት ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተሰብኳል። በመካከላቸው ስላለው መንገድ ግን የሚነግረን ሰው እምብዛም አላገኘሁም።

ከደሴ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይህን ጥያቄ በእህቶች ኅብረታችን አንሥቼው ነበር። አንዷ “አንድ ሰዓት” አለች። ሌላዋ “ቀኑን ሙሉ” አለች። ልጃቸው የጭነት መኪና የሚያሽከረክር አንዲት እናት ደግሞ “እንደ ኬላው ነዋ ልጄ!” ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ሦስቱም መልሶች ልክ ናቸው።

በእኔ ቤት ይህ ጥያቄ በየወሩ ይነሣል። ባለቤቴ ከወሩ ሁለቱን ሳምንት አዲስ አበባ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ያስተምራል፤ ሁለቱን ሳምንት እዚህ ደሴ የምናገለግላትን ጉባኤ ይጠብቃል። እኔና ሦስቱ ልጆቻችን ሆጤ ነን። የዕረፍቱን ወራት ስንቀንስ በዓመት አሥር ጊዜ ይሄዳል፣ አሥር ጊዜ ይመለሳል፤ 20 ጉዞ ማለት ነው። ለአንዱ ጉዞ ዘጠኝ ሰዓት ብንይዝለት 180 ሰዓት ይመጣል። ይህ እንግዲህ ሌቱም ቀኑም ተቆጥሮ ሰባት ቀን ተኩል ነው። የልጆቼ አባት በየዓመቱ አንድ ሳምንት ከእኛም ከተማሪዎቹም ጋር ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይኖራል። ሒሳቡን ራሴ በደብተር ጽፌ ሳየው ነው የገረመኝ።

መንገዱን የማታውቁት ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ጠዋት ጉሙ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ጋቢውን ተከናንቦ ከመናኸሪያ የተነሣ ተሳፋሪ ሐረጎን ሲወርድ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ኮምቦልቻ ላይ ጋቢውን ያወልቃል። ከዚያ ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ ካራቆሬ፣ አጣዬ፣ ሰንበቴ እያለ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል፤ እዚያ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀቱ ሹራብም ያስወልቃል። ቀጥሎ ደብረ ሲና ነው። ከደብረ ሲና በኋላ መኪናው እያቃሰተ ጣርማበርን ይወጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ያወለቁትን ሁሉ መልሶ ያስለብሳል። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ርዝመት ያለው ዋሻ እዚያ ነው። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ትንፋሻቸውን ይዘው ሲወጡ “እፎይ” ይሉ ነበር። ከዋሻው ወዲያ ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሰንዳፋ፤ በመጨረሻ ላምበረት። ሁሉም ሲደመር 400 ኪሎ ሜትር ነው።

ይህን ያህል የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። 400 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ቢሆን አምስት ሰዓት አይፈጅም ነበር። ሰዓቱን የሚበላው ወጣ ገባው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ውርጭ፣ ከውርጭ ወደ ወይና ደጋ የሚያደርስ ጉዞ ነው። የምሳውን ዕረፍት፣ የፍተሻውን ኬላ፣ በከተሞቹ መካከል የሚያልፈውን የባጃጅና የከብት ሰልፍ ጨምሩበት። ዘጠኝ ሰዓት ስንል መልካም ቀን ከሆነ ነው።

አውሮፕላኑስ? ቦሌና ኮምቦልቻ በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ሲለኩ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚራራቁት። አያችሁ? መንገዱ ኮምቦልቻ እስኪደርስ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፤ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የተራራው ጥምዝምዝ ነው ማለት ነው። በዚህ መስመር የሚበርሩት ባለ ሁለት ፕሮፔለሮቹ ዳሽ 8 አውሮፕላኖች ሙሉ ፍጥነታቸውን ሲይዙ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። በዚህ ፍጥነት 250 ኪሎ ሜትር ከ25 ደቂቃ በታች ነው። ነገር ግን አውሮፕላን ተነሥቶ ወዲያው ሙሉ ፍጥነት አይዝም፤ ይወጣል፣ ደግሞም ቀስ እያለ ይወርዳል። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ በሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ሁሉ ይጨምራል፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ ደርሶ እስኪቆም ድረስ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ “አንድ ሰዓት አይሞላም” ስትባሉ እውነት ነው፤ “ሃያ ደቂቃ ነው” የሚላችሁ ካለ ግን አትመኑት።

በነገራችን ላይ፣ በሻንጣው ላይ የሚለጠፈው የማረፊያው ምልክት በላቲን ፊደል ሲነበብ “ዲ፣ ኤስ፣ ኢ” ነው። ከደሴ ስም የተወሰደ ነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ኮምቦልቻ ነው። የኮምቦልቻ ወዳጆቻችን ይህን ሲያነሡብን እኛ ዝም ማለትን መርጠናል።

አሁን ወደ ቤቴ ሰዓት ልመልሳችሁ። አውሮፕላኑ ከአንድ ሰዓት በታች ይበርራል ማለት ከሆጤ ቦሌ አንድ ሰዓት ነው ማለት አይደለም። ከቤታችን ተነሥቶ በሚኒባስ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ማረፊያው ለመድረስ አንድ ሰዓት እንይዛለን። ቀድሞ መገኘትና መፈተሽ አለ፤ ሁለት ሰዓት። በረራው ራሱ ወደ አንድ ሰዓት። ቦሌ ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ፣ በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ማደሪያው እስኪደርስ ሌላ አንድ ሰዓት። በጠቅላላው አምስት ሰዓት ሆነ። ከአምስቱ አራቱ በምድር ላይ ያለፈ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለንደን የምትኖር የኮሌጅ ጓደኛዬ እንደነገረችኝ እነርሱም ይህንኑ ሒሳብ ያሰላሉ። ለንደንና ፓሪስ በቀጥታ መስመር 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በረራው አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ሆኖም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 በባሕሩ ሥር 50 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ተከፍቶ ባቡር ስለሚያልፍበት፣ ብዙው ሰው በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ከከተማ መሐል ወደ ከተማ መሐል የሚያደርሰውን ባቡር ይመርጣል። ባቡሩ ከአውሮፕላኑ ይዘገያል፤ ሰውዬው ግን ቀድሞ ይደርሳል። እኛም በ2007 ዓ.ም. ግንባታው በተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሃራ ገበያ የባቡር መስመር ብዙ ተስፋ አድርገን ነበር። ሐዲዱ ሲነጠፍ ልጆቻችንን ይዘን ሄደን አይተናል። በኋላ ጦርነቱ መጣ፤ መስመሩም ከተጎዱት አንዱ ሆነ። ስለዚህ ለጊዜው ምርጫችን ሁለት ብቻ ነው።

ሁለቱም ምርጫ ዋጋ አለው። አምስት ሰዓትና ዘጠኝ ሰዓት፤ በአንድ ጉዞ አራት ሰዓት ይተርፋል። በ20 ጉዞ 80 ሰዓት ነው። የአውሮፕላኑ ዋጋ ደግሞ የአውቶቡሱን ብዙ እጥፍ ነው። ባልና ሚስት ሆናችሁ ቁጭ ብላችሁ “የ80 ሰዓት ዋጋ ስንት ነው?” ብላችሁ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ተነጋግረናል። ቀላል ውይይት አልነበረም። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ እንግዳ የማያጣ የአገልጋይ ቤት አለ።

ሌላም ነገር አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁና አልሸፍነውም። አገልጋይ በአውሮፕላን ሲሄድ ይታያል። አንድ ቀን ከአምልኮ በኋላ አንድ የጉባኤያችን አባት በቀስታ ጠጋ ብለው “እኅቴ፣ ፓስተር በአውሮፕላን ነው አሉ የሚሄደው?” አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም። እኔም “አዎን አባቴ፣ ሲመጣ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው፤ ከራሳችን ደመወዝ ነው የምንቆርጠው” አልኋቸው። ከዚያ የደብተሩን ሒሳብ ነገርኋቸው፤ ሰባት ቀን ተኩሉን። አባታችን ጥቂት አሰቡና “ታዲያ ሲሄድስ ለምን በአውቶቡስ?” ብለው ጠየቁኝ። በጣም ደስ አለኝ።

መልሱ ይኸውና። ሲሄድ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ሲመለስ በአውሮፕላን ይመለሳል። ሲሄድ የሚጠብቀው ሥራ ነው፤ ሥራው ሰኞ ይጀምራል፣ ቅዳሜ ቢመሽበትም ግድ የለም። በመንገዱ ላይ የተማሪዎቹን ወረቀት ያርማል፣ ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጋር ያወጋል፣ ይተኛል። ሲመለስ የምንጠብቀው እኛ ነን። ዓርብ ከቀትር በኋላ ትምህርቱን ጨርሶ በአውሮፕላን ከመጣ፣ ማታ እራት ላይ ይደርሳል፤ ታናሿ ልጃችን ሳትተኛ። በአውቶቡስ ከሆነ አዳር ይጠብቅና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደክሞት ይገባል፤ እሑድ ደግሞ የጉባኤው ነው። የዓርቡ ማታ እንግዲህ የተገዛ ማታ ነው። ውድ ነው፤ እኔ ግን ዋጋው በዛ ብዬ አላውቅም። ለዚያ ብለን ሌላ ነገር ትተናል፤ ለምሳሌ ሶፋችን አሁንም ያው የሰርጋችን ሶፋ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው መንገድ ሲኖር ነው። የደሴ ሰው ይህን በሚገባ ያውቃል። አያቶቻችን አውሮፕላንን በምን እንደሚያስታውሱት ልንገራችሁ። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሳሉ የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ፤ የሚሲዮን ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። በኮረብታዎቹ መካከል የሞተር ድምፅ ሲሰማ ወደ ጓዳ የሚሮጡ አረጋውያን በልጅነቴ አይቻለሁ። እኔ የባሌን መምጣት የማውቅበት ድምፅ ለእነርሱ ሌላ ትርጉም ነበረው።

በእኛም ዘመን ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ በኩል በነበረው ግጭት መንገዱ ሲዘጋ “ጥቂት ቀን ነው” ብለን አለፍነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ግን ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ነበር። እኔና ልጆቹ ሆጤ ነበርን። ስልክ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገዱ ጠፋ፣ በረራውም ጠፋ። ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ በመንግሥት እጅ መመለሷ እስኪነገር ድረስ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም። ርቀቱ ያው 400 ኪሎ ሜትር ነበር። እርሱ በሕይወት መኖራችንን አያውቅም፤ እኔ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ወደ እኛ ልምጣ ብሎ መንገድ ላይ ወጥቶ እንደሆነ አላውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ይህ የመጨረሻው ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት አጥር ለአጥር የምንገናኘው ሙስሊም ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት በእንጀራ ላይ እንጀራ ደርበው ይልኩልናል፤ “አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ” ይሉኛል። ወሎ ላልኖራችሁ፣ “አይዞሽ” ማለት ነው፤ ግን ከ“አይዞሽ” ትንሽ ይረዝማል። እኔም ማታ ማታ ከልጆቹ ጋር ስንጸልይ መንገዱን እንቆጥር ነበር። “አሁን ደብረ ብርሃን ቢሆን… አሁን ሸዋ ሮቢት…” ታላቁ ልጄ ከተሞቹን በቃሉ የያዛቸው ያኔ ነው።

መንገዱ እንደተከፈተ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሮ መጣ። ስንት ሰዓት ፈጀብህ ብዬ አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬም አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት “ጠቅልለን አዲስ አበባ እንግባ” የሚል ሐሳብ በቤታችን ነበር። ዘመዶቻችን ገፋፉን። ተገቢ ሐሳብ ነበር፤ ሰላም ያጣ መንገድ በሁለት ከፍሎት የሚኖር ቤተሰብ ምን ዋስትና አለው? ባለቤቴ ውሳኔውን ለእኔ ተወው። እኔ ደግሞ እነዚያ እንጀራ የላኩልንን ጎረቤት፣ በዚያ ጨለማ እየመጡ በራችንን ሲያንኳኩ የነበሩትን የጉባኤያችንን ልጆች ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ቀረን። ብትሄዱ ኖሮ ኃጢአት ነበር እያልሁ አይደለም፤ የሄዱ ወዳጆች አሉን፣ እንወዳቸዋለን። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አበጀን። መንገዱ አጠራጣሪ ሲሆን ጉዞው ይቀራል፤ ኮሌጁ ይጠብቃል። ሲነሣ ይደውላል፤ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን ላይ ይደውላል። አምስት ጥሪ፣ እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ በታች። የክልላችን ሁኔታ እንደገና በታወከበት ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ይህች ሕግ ብዙ ሌሊት አስተኝታኛለች።

የወንጌላዊው ሉቃስ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ርቀቱን ሳይጽፍ አላለፈም፤ ስድሳ ምዕራፍ ይለዋል፣ በእኛ መለኪያ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ግማሹን እንኳ አይሞላም። በኮሌጅ ሳለን ቁጥሩ ለምን አስፈለገ ብለን አልጠየቅንም። አሁን ግን ገብቶኛል፤ ርቀቱን ካላወቅን በዚያው ምሽት ተነሥተው የመመለሳቸው ነገር ምን ያህል እንደሆነ አናውቅም ነበር። መሽቷል፣ ደክሟቸዋል፣ ሌላ 11 ኪሎ ሜትር።

ስለ ራሴ ቤት ብዙ አወራሁ። ከእኛ የባሰ ርቀት ያለባቸውን ግን ብዘላቸው ይከብደኛል። በጉባኤያችን ባሏ ጅዳ የሚሠራ አንዲት ወጣት እኅት አለች፤ ቤቷ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን ካርታ ዘርግተን አብረን ለካን። ከአዲስ አበባ ጅዳ በቀጥታ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ልጅቷ ዐይኗን አፍጥጣ “እንዴ! ታዲያ ለአዲስ አበባ እርሱ ከእኔ ይቀርባል!” አለች። እውነቷን ነው። እርሱ ቦሌ ለመድረስ የአውቶቡሷን ሲሶ ያህል ሰዓት ነው የሚያስፈልገው። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዱ ነገር አልስተካከል ብሎ አራት ዓመት ሙሉ አልተገናኙም። ሴት ልጃቸው አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት አውሮፕላን የሚያቋርጠው ዓይነት አልነበረም፤ ወረቀት ነበር።

ደስ የሚለው፣ ወረቀቱ በዚህ ዓመት ተስተካከለለት። ቀኑ ተቆርጧል። ባለፈው ሳምንት መጥታ “እትዬ፣ ኮምቦልቻ ልጠብቀው ወይስ ቦሌ ልሂድ?” ብላ አማከረችኝ። ቦሌ ሂጂ አልኋት። ልጅሽን ይዘሽ ከአንድ ቀን በፊት በአውቶቡስ ሂጂ፤ ከመስታወቱ ማዶ ቆማችሁ ሲወጣ እዩት።

“ስንመለስስ? በአውሮፕላን ነው ብሎኛል፤ ትኬት ልግዛ እያለ ነው።”

እኔ የአውሮፕላን ጠበቃ መሆኔን ታውቃለችና መልሴን የጠበቀችው መሰለኝ። መንገዱ ሰላም ከሆነ በአውቶቡስ ኑ አልኋት። ሦስት ወንበር ያዙ፤ ልጅቱ በመስኮቱ በኩል ትሁን። ስልኩን ዝጋ በይው። ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጣርማበር ላይ ይበርዳችኋልና ጋቢ ያዙ።